መምህር ሲለወጥ ልጁ ምን ይዞ ይቀራል?

ለወላጆች፣ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ለቁምስና የትምህርት ኮሚቴዎች የቀረበ ጥናት

መስከረም በገባ ቁጥር የቁምስና ትምህርት ቤት ግቢ በልጆች ድምፅ ሲሞላ፣ ከወላጆች አፍ ቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ ስለ ክፍያ ወይም ስለ ደብተር ብዛት አይደለም፤ «የአምናዋ መምህርት አለች ወይ?» የሚል ነው። አለች ከተባለ እናቲቱ እፎይ ብላ ትመለሳለች። ሄዳለች ከተባለ ግን ፊቷ ይለወጣል። ልጁም ያንን ፊት ያያል። ከዚያ በኋላ ስለ አዲሱ መምህር ደግነት ምንም ያህል ቢነገረው፣ እርሱ አስቀድሞ ያነበበው በእናቱ ፊት ላይ የተጻፈውን ነው።

በዚህ ጥናት የምንመለከታቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም የመምህራን መለዋወጥ፣ የተማሪው ራሱን መቻልና በየዕለቱ በትምህርት ገበታ ላይ መገኘት ናቸው። ብዙ ጊዜ ሦስቱ ለየብቻቸው ይነገራሉ፤ የመጀመሪያው የርእሰ መምህሩ፣ ሁለተኛው የመምህሩ፣ ሦስተኛው የወላጁ ኃላፊነት ተደርጎ ይቆጠራል። በእኔ ግምት ግን በአንድ ገመድ የተያያዙ ናቸውና አንዱን ጫፍ የሳበ ሰው ሌላውን ማንቀሳቀሱ አይቀርም።

የሚሄድና የሚመጣ መምህር

መምህር የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ የተሻለ ደመወዝ ያገኛል፤ ሌላዋ ትዳር ይዛ ወደ ባልዋ አገር ትሄዳለች፤ ሦስተኛው በክረምት ሲማር የቆየውን ትምህርት ጨርሶ ወደ ከፍተኛ ክፍል ይዛወራል፤ አራተኛው ጡረታ ይወጣል። ደናግል በሚመሯቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ የማኅበሩ አለቃ ባዘዘች ጊዜ እኅት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ትላካለች። ይህም በመታዘዝ ስእለት ውስጥ ያለ ስለ ሆነ ቁምስናው በሙሉ ቢያለቅስ አይለወጥም። ከእነዚህ መካከል በጥፋት የሚቆጠር አንድም የለም። እርግጥ ነው፣ በደመወዝ ማነስ ምክንያት መምህራኑ በየዓመቱ የሚሸሹት ትምህርት ቤት ካለ፣ ቁምስናው ለአጥርና ለደወል ቤት ገንዘብ የሚያሰባስበውን ያህል ስለ መምህራን ኑሮም ማሰብ ይገባዋል። ይህን ያልሁት በመንገድ ላይ ነው እንጂ ጉዳዩ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። ነገር ግን ደመወዙ ቢሻሻልም መምህር መሄዱ አይቀርም። እንግዲህ ትልቁ ጥያቄ መምህሩ በሚሄድበት ጊዜ ከእርሱ ጋር ምን ምን አብሮ እንደሚሄድ ማወቅ ነው።

በታችኛው ክፍል ለውጡ ይከብዳል። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጋር በተስፋፋው አሠራር መሠረት፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉትን ልጆች አንድ መምህር ቋንቋውንም፣ ሒሳቡንም፣ የአካባቢ ሳይንሱንም ያስተምራቸዋል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በ6ኛ ክፍል አብቅቶ 7ኛና 8ኛን መካከለኛ ደረጃ ቢላቸውም፣ የትንንሾቹ ልጆች ልብ በፖሊሲ የሚለወጥ አይደለም። የ6ኛ ክፍል ተማሪ የሒሳብ መምህሩ ቢሄድበት ሌሎች መምህራን አሉት። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን መምህርቷ ማለት ትምህርት ቤቱ ማለት ናት፤ እርሷ ስትሄድ የሚቀሩት ግድግዳውና ጥቁር ሰሌዳው ናቸው።

በዚህ ረገድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የገጠር ቁምስና፣ በጥር ወር፣ የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ከሌላ መምህር ተረከብሁ። የተረከብሁት ነገር ቢኖር የስም መጥሪያውን ደብተርና የመደርደሪያውን ቁልፍ ነው። ልጆቹን በቁመት ደርድሬ አስቀመጥኋቸው። ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ የደረሰው አንድ ረዘም ያለ ልጅ ከሰሌዳው አይጽፍም ነበር። ሰነፍ ነው አልሁ፤ ገሠጽሁት፤ አንድ ሁለት ጊዜም በጓደኞቹ ፊት አቆምሁት። በመጋቢት መምጣቱን ተወ። የሰፈሩን የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ስጠይቃቸው፣ «ልጁ እኮ ራቅ አድርጎ አያይም፤ የፊተኛው መምህር ሁልጊዜ ከፊት ነበር የሚያስቀምጠው» አሉኝ። አብረን ወደ ቤቱ ሄድን። አባትየው በጨዋነት ተቀበሉን፤ ልጁ ግን ከብቶቹን ይዞ ወጥቶ ነበር። በዚያ ዓመት አልተመለሰም። በተከታዩ መስከረም ሁለተኛ ክፍልን እንደ ገና ጀመረ፤ ታናሽ እኅቱም ደረሰችበት።

የፊተኛው መምህር ይዞት የሄደው እውቀት ግማሽ ገጽ ወረቀት የማይሞላ ነበር። እኔም ለመጠየቅ አሥር ደቂቃ አላጠፋሁም።

ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ምክር

ይህ ችግር የእኛ ዘመን ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ አገር በሬምስ ከተማ የካቴድራል ካህን የነበረው ቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ዴ ላ ሳል፣ እ.ኤ.አ. በ1680ዎቹ የድሆችን ልጆች በነፃ የሚያስተምሩ መምህራንን ሰብስቦ ዛሬ በአዲስ አበባና በአዳማ በቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤቶች የምናውቃቸውን የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ወንድሞች ማኅበር መሠረተ። እርሱና ወንድሞቹ በብዙ ዓመት ልምድ ያዘጋጁት የትምህርት ቤት አመራር መጽሐፍ በእጅ ጽሑፍ ሲዘዋወር ቆይቶ፣ ቅዱሱ በ1719 ካረፈ በኋላ በ1720 በአቪኞን ከተማ ታተመ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1950 የመምህራን ሁሉ ሰማያዊ ጠባቂ ብለው የሰየሙት ይህን ቅዱስ ነው።

መጽሐፉ ልጆች ከትምህርት ስለሚቀሩበት ምክንያት በሰፊው ይመረምራል። የሚያስገርመው ግን ምክንያቱን ከልጁ ስንፍና ላይ ብቻ አለመጣሉ ነው። የወላጆችን ድህነትና ቸልተኛነት ከተናገረ በኋላ ወደ ራሱ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለሳል። ልጅ ትምህርት ቤትን ከሚጠላባቸው ምክንያቶች አንዱ ገና ያልሠለጠነ አዲስ መምህር መምጣቱ ነው ይላል። እንዲህ ያለው መምህር ወይ ወዲያው ወደ ቅጣት ይሮጣል፣ ወይም ክፍሉን ልቅ አድርጎ ሥርዓቱን ያጠፋዋል። መድኀኒቱም አዲሱን መምህር ብቻውን አለመተው፣ ልምድ ያለው ሰው አጠገቡ ሆኖ እስኪያሠለጥነው ድረስ መጠበቅ ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ስለ መቅረት የሚናገረውና ስለ አዲስ መምህር የሚናገረው አንድ ምዕራፍ ነው። እኔ በሁለተኛ ክፍል ልጆች ፊት የተማርሁትን እነዚያ ወንድሞች ቀድመው ጽፈውታል።

መጽሐፉ በዘመኑ የተወሰነ ስለ ሆነ ልጅን መምታትን ጨርሶ አልከለከለም፤ እንዲቀንስ ግን ብዙ ይጥራል። እኛ በዚህ ነገር ወደ ኋላ የምናይበት ምክንያት የለንም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሆኖም በአንዳንድ ቦታ አዲስ መምህር «ክፍሉን እንዲይዝ» አርጩሜ ይዞ እንዲገባ የሚመክሩ ወላጆች ዛሬም አሉ። ልጃቸው በሳምንቱ ሆዴን አመመኝ ሲል ደግሞ ምክንያቱን ከምግቡ ይፈልጋሉ።

ራስን መቻል ሲባል

በመጽሐፉ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ቅዱሱ በየክፍሉ ለልጆች የሥራ ድርሻ ይሰጣቸዋል። ጸሎት የሚመራ አለ፤ ደወል የሚደውል አለ፤ ወረቀት የሚያድልና የሚሰበስብ፣ ክፍል የሚጠርግ፣ ቁልፍ የሚይዝ አለ። የቀሩትን ልጆች ቤታቸው ሄደው የሚጠይቁም በየመንገዱ የተመደቡ ተማሪዎች አሉ። ይህ መምህሩን ከድካም ለማሳረፍ ብቻ የታሰበ አይመስለኝም። ክፍሉ በብዙ ትንንሽ እጆች የተያዘ ሲሆን፣ አንድ ትልቅ እጅ ቢለቀውም አይወድቅም።

የአገራችንን የቄስ ትምህርት ቤት ያየ ሰው ይህን አሠራር ለማወቅ ፈረንሳይ መሄድ አያስፈልገውም። በዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ፊደል ይቆጥራል፤ ሌላው መልእክተ ዮሐንስን ያነብባል፤ ሦስተኛው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም የራሱን ቦታ ያውቃል። ዳዊት የደረሰው ፊደል የሚቆጥረውን ያስቀጽላል። የኔታ ለቀብር ወይም ለክርስትና ቢጠሩ ትምህርቱ አይቋረጥም። በእርግጥ ያ ትምህርት ቤት የራሱ ጉድለት ነበረው፤ አርጩሜውም አይረሳም። ነገር ግን መምህሩ ሲወጣ አብሮ የሚወጣ ትምህርት አልነበረም።

ዛሬ በብዙ ክፍሎቻችን የምናየው የዚህ ተቃራኒ ነው። መምህሩ በር ላይ እስኪታይ ድረስ ደብተር አይከፈትም፤ ገጽ ለመገልበጥ ፈቃድ ይጠየቃል፤ እርሳስ የተሰበረበት ልጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ይህ የሚያስገርመው በተለይ የገጠሩን ልጅ ስናስብ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ጠዋት ፍየሎቹን አውጥቶ፣ የማን ማሳ እንደማይነካ ለይቶ፣ ሲመሽ ቆጥሮ ያስገባል። አንዲት ብትጎድል መጉደሏን ብቻ ሳይሆን የትኛዋ እንደሆነች ያውቃል። ይኸው ልጅ ክፍል ሲገባ አምስትን ከዐሥራ ሁለት ለመቀነስ የመምህሩን ዐይን ያያል። በመስክ የምናምነውን ልጅ በክፍል የማናምነው ለምን ይሆን? የከተማው ልጅ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ቦርሳውን እናቱ ትይዝለታለች፤ የቤት ሥራውን ታላቅ እኅቱ ትጽፍለታለች፤ መምህሩም በእኅቱ እጅ ጽሑፍ ላይ «በጣም ጥሩ» ብሎ ይፈርማል።

ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም የሳን ሎሬንሶ ድሃ ሰፈር የሕፃናት ቤት በከፈተች ጊዜ ካደረገቻቸው ነገሮች አንዱ ወንበሩንና ጠረጴዛውን በልጆች ቁመት ማሠራት፣ ዕቃውንም ልጅ ራሱ አንሥቶ ራሱ የሚመልስበት ዝቅተኛ ቦታ ማኖር ነው። የእኛ ትምህርት ቤቶች ያን ሁሉ ዕቃ የሚገዙበት ገንዘብ ላይኖራቸው ይችላል። ጠመኔውንና የንባብ መጻሕፍቱን ልጅ በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው መጽሐፍ ይቀደዳል ብሎ ከመፍራት መላቀቅን ነው። በየርእሰ መምህሩ ቢሮ ሳይቀደዱ፣ ሳይነበቡም፣ የሚያረጁ መጻሕፍት እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን።

ራስን መቻል ማለት ግን ልጅን መተው ማለት አይደለም። «እንግዲህ አድገሃል፣ ራስህ ተወጣው» ተብሎ የተጣለ ልጅ ራሱን አልቻለም፤ ብቻውን ነው የቀረው። መጀመሪያ እያሳዩ፣ ቀጥሎ አብረው እየሠሩ፣ በኋላም አጠገቡ ቆመው እያዩ የሚለቁት ነገር ነው። እናት እንጀራ መጋገር ስታስተምር የምታደርገው እንደዚሁ ነው፤ የመጀመሪያው እንጀራ ቢበላሽም ምጣዱን አትቀማም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም በእሑድ ትምህርታቸው ይህን መመርመር ይገባቸዋል። ልጆቹ «አቡነ ዘበሰማያት»ን በኅብረት በደንብ ያደርሱ ይሆናል። ነገር ግን አንዱ ብቻውን ተነሥቶ ሊጸልይ ይችላልን? ቤቱ ሄዶስ ማንም ሳይመራው ይጸልያልን? በኅብረቱ ድምፅ ውስጥ የተደበቀ ልጅ፣ መምህሩ ሲለወጥ ጸሎቱም አብሮ ይጠፋበታል።

የቀረ ልጅ

ስለ መቅረት ስንናገር መጀመሪያ ቁጥሩን እናስተውል። የትምህርት ዓመቱን 200 ቀን ብለን ብንወስድ፣ በየሳምንቱ በገበያ ቀን ብቻ የሚቀር ልጅ በዓመት 40 ቀን ይቀራል። ይኸውም ስምንት ሙሉ የትምህርት ሳምንት ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ሲደመር 240 ቀን፣ ማለትም ከአንድ የትምህርት ዓመት በላይ ይሆናል። ወላጁን ብትጠይቁት ግን «ልጄ ይማራል፤ አንዳንድ ቀን ብቻ ነው የሚቀረው» ይላችኋል፤ መዋሸቱም አይደለም።

የሚቀሩበት ምክንያት እንደ አገሩ ይለያያል። ጤፍ በሚታጨድበትና በሚወቃበት በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋው ክፍል ይሳሳል፤ ቡና በሚለቀምበት ወራትም በቡና አገር እንደዚሁ ነው። ሴት ልጅ ውኃ ትቀዳለች፣ ሕፃን ታዝላለች፤ እናት ስትወልድ ወይም ስትታመም ቤቱን የምትይዘው እርሷ ናት። ከፍ ካለች በኋላም የወር አበባዋ በመጣ ጊዜ፣ ትምህርት ቤቱ ውኃና የሚዘጋ በር ያለው መጸዳጃ ቤት ከሌለው በየወሩ ጥቂት ቀን ትቀራለች። ይህን በመድረክ ለመናገር የምናፍር ብዙዎች ነን። እርሷ ግን ማርክ በሚነበብበት ቀን ለብቻዋ ታፍራለች።

ከቤተሰብ አቅም በላይ የሆነም መቅረት አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገራችን ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። በትግራይ ጦርነቱ ተጨምሮበት ልጆች ሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ገበታ ተለዩ። በዚያን ጊዜ ብቻውን ማንበብ የለመደ ልጅ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ እያነበበ ጥቂትም ቢሆን ይዞ ቆየ፤ ማንበብን ከመምህሩ አፍ ብቻ የሚጠብቅ የነበረው ግን ፊደሉን ሳይቀር ረሳ። ራስን መቻል ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ልጁ ከቀረ በኋላ የሚመለስበት ቀን ከቀረበት ቀን ይልቅ ይከብደዋል። ሦስት ቀን ቀርቶ የመጣን ልጅ አንዳንድ መምህር «እንግዳ መጣልን!» ብሎ ክፍሉን ያስቅበታል። ሳቁ አጭር ነው፤ ልጁ ግን ሌላ ጊዜ ሁለት ቀን ሲቀር ያንን ሳቅ አስቦ አራት ቀን ይጨምራል። ተመላሹን ልጅ ዝም ብሎ ከቦታው አስቀምጦ፣ ያመለጠውን የሚያሳየው ጓደኛ መመደብ ይሻላል። ይህም ከላይ የተናገርነው የሥራ ድርሻ ነው፤ የሚያሳየውም ልጅ ሲያስረዳ ራሱ ይማራል።

ርክክብ

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። የሚሄደው መምህር ለሚመጣው አንድ ደብተር ይተውለት። ማርኩን ሌላ መዝገብ ይዞታልና በዚህ ላይ ሰዎቹን ይጻፍ፤ ማን ራቅ አድርጎ እንደማያይ፣ ማን ጆሮው እንደሚደክም፣ ማን ሳይበላ እንደሚመጣ፣ ማን አባቱ እንደ ሞተበትና በየትኛው ወር እንደ ሆነ፣ የትኞቹ ሁለት ልጆች አብረው ቢቀመጡ እንደሚረዳዱ፣ የክፍሉ የሥራ ድርሻ በማን በማን እጅ እንዳለ። የቤተሰብን ምስጢር ግን አይጻፍበት፤ ደብተር በብዙ እጅ ይዞራል። ከተቻለም ሁለቱ መምህራን ጥቂት ቀናት በአንድ ክፍል አብረው ይዋሉ፤ ልጆቹም የሚሄደውን በግልጽ ይሰናበቱት። አንድ ሰኞ ጠዋት መጥተው በእርሱ ቦታ ሌላ ሰው ቆሞ የሚያገኙ ልጆች፣ ሳይናገሩት፣ ሰው ሁሉ እንዲህ ይጠፋል ብለው ይማራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን ሕገ ቀኖና በቁጥር 796 ወላጆችና መምህራን ተቀራርበው እንዲሠሩ፣ መምህራንም ወላጆችን በፈቃደኝነት እንዲሰሙ፣ የወላጆችም ማኅበር ወይም ስብሰባ እንዲኖር ያዝዛል። በየትምህርት ቤቱ ያለው የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ብዙ ጊዜ የሚሰበሰበው ስለ ጣሪያና ስለ ገንዘብ ነው። አዲሱን መምህር ከወላጆች ጋር ማስተዋወቅ በመስከረም የመጀመሪያው አጀንዳ ቢሆን መልካም ነው። ወላጆችም በልጁ ፊት «የፊተኛዋ ትሻል ነበር» ከማለት ይታገሡ። ቅሬታ ካላቸው ከመምህሩ ጋር ለብቻ ይነጋገሩ።

ከሁሉ በላይ ግን በዚህ ነገር ያልተጠቀምንበት ሰው የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ነው። የክፍል መምህር አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ አገር ይመጣል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ይሄዳል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ግን የሰፈሩ ሰው ነው፤ ልጁን ከጥምቀቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ በየጸሎት ቤቱ ይዞራል፤ ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም ይቀመጣል። የእኔን ተማሪ ዐይን ያወቁት እርሳቸው ነበሩ። ስንፍናዬ ሆኖ ጥር ላይ ሳልጠይቃቸው መጋቢት ላይ ጠየቅኋቸው።

ስለዚህ ይህን ጥናት በቁምስና ስብሰባ ላይ የሚያነቡ ሁሉ በሚከተለው ላይ ቢወያዩበት ይጠቅማል። ባለፉት ሦስት ዓመታት ከትምህርት ቤታችን የሄዱት መምህራን ስንት ናቸው? ስለ ልጆቹ ለተተኪዎቻቸው በጽሑፍ የተዉት ነገር አለን? ልጆቻችን በክፍልም በቤትም ያለ አዋቂ ትእዛዝ የሚያከናውኑት ሥራ የትኛው ነው? በገበያ ቀን ስም ሲጠራ የሚጎድሉት እነማን ናቸው? ቤታቸውስ የሄደ ማን ነው? የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ለመመለስ የስም መጥሪያው ደብተር ከትምህርት ቤቱ ይምጣ፤ የየሰፈሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም በስብሰባው ላይ ይገኙ፤ ስሞቹ አንድ በአንድ ይነበቡ።